ሁለት ብርጭቆ ያልተነካ ሻይ

እማማ አዋላጅ የተገደሉት ሻይ አፍልተው ሳይቀምሱት ነው። ኢንስፔክተሯ ይህን ያወቀችው ወጥ ቤቱ በር ላይ ቆማ፣ ገና ወደ አስከሬኑ ሳትጠጋ ነበር። ጠረጴዛው ላይ ሁለት ብርጭቆ ሻይ ጎን ለጎን ተቀምጧል። አንዱ ቀይ ነው፤ አንዱ ድፍን ጥቁር። ሁለቱም እስከ አፋቸው ሙሉ ናቸው፣ ቀዝቅዘዋል፣ ማንም ከንፈሩን አላሳረፈባቸውም። ምድጃው ላይ ደግሞ ሁለት ትንንሽ ማንቆርቆሪያዎች ተጥደዋል።

ኢንስፔክተሯ በሥራዋ የምትኮራ ሴት ናት፤ ኩራቷንም ለማንም አትደብቅም። «እኔ እጅ የገባ መዝገብ አቧራ አይጠጣም» ትላለች። ባልደረቦቿ በሌለችበት «ጉረኛዋ» ይሏታል፤ አንዳንዴ ባለችበትም ያመልጣቸዋል። ቅር አይላትም፤ እስካሁን የጎረረችበት ነገር ብዙም አላሳፈራትም።

«ከኋላ ነው የተመቱት፣ አንድ ጊዜ ብቻ» አለ ሳጅኑ፣ ከተንበረከከበት ቀና ብሎ። «ትናንት አመሻሽ ላይ ይመስላል። መምቻውም ይኸው።»

ከመደርደሪያው ሥር አንድ ትልቅ የቧንቧ መፍቻ ወድቋል። እጀታው ላይ በቀይ ቀለም ቀለበት ተቀብቷል። ኢንስፔክተሯ አየችውና አለፈችው። ዓይኗ የቤቱን ዝገት ይከተል ነበር። የዕቃ ማጠቢያው ከቧንቧው አፍ እስከ ማፍሰሻው ድረስ ብርቱካንማ መስመር አለው፣ ፎጣው ቢጫ ሆኗል፣ ባልዲው ከውስጥ ቀልቷል። ግቢው ውስጥ ካለው ጉድጓድ በፓምፕ የሚሳበው ውሃ ብረት የበዛበት ነው። ሰፈሩ ሁሉ እንዲሁ ነው፤ እያንዳንዱ ግቢ የራሱ ጉድጓድ አለው።

ውሃው ከፓምፑ ወደ ቤት በሚገባበት ግድግዳ ላይ አራት የብሎን ቀዳዳዎች አሉ። አዲስ ናቸው፤ የኖራው ብናኝ ገና ከሥራቸው አልተጠረገም። ከቀዳዳዎቹ አጠገብ ቧንቧው በአጭር ቁራጭ ተቀጥሎ ነጭ ቴፕ ተጠምጥሞበታል። ከሥሩ ወለሉ ላይ ውሃ ተረጭቶ ደርቋል።

«ከዚህ አንድ ነገር ተነቅሏል» አለች።

«ቧንቧ መቼም ይበላሻል፣ ይጠገናል።»

«እሺ፣ ሻዩስ ምን ይነግርሃል?»

«እንግዳ ነበራቸው። አንዱ ቀጭን ይወዳል፣ አንዱ ወፍራም።»

«ለሁለት ብርጭቆ ሁለት ማንቆርቆሪያ?»

ሳጅኑ ጭንቅላቱን አከከ።

«ስኳሩስ? ስኳር ዕቃው እዚያ መደርደሪያው ላይ እንደተከደነ ነው።»

«ስኳር በሽታ ይኖርባቸው ይሆናል።»

«እንግዳውንም?» አለችና ወደ ሳሎን ገባች።

* * *

የሟቿ ልጅ ሶፋው ጫፍ ላይ ተቀምጣለች። ከከተማው ወዲያ ማዶ የምትኖር የባንክ ሠራተኛ ናት፤ ጨቅላ ልጇን ለባሏ ትታ ነው እየሮጠች የመጣችው። ዓይኗ አብጧል፤ የምትናገረውን ግን ታውቃለች።

«እማዬ የውሃ ማጣሪያ ስትመርጥ የነበረችው ለኔ ልጅ ብላ ነው» አለች። «ውሃውን ራሷ አስመረመረችው። ብረቱን ዕድሜ ልካችንን ጠጥተነዋል፣ እናውቀዋለን። ናይትሬት የሚባል ነገርም አለው አሏት፤ ከማዳበሪያና ከሽንት ቤት ጉድጓድ የሚሰርግ። አዋቂ ይችለዋል። በጡጦ የሚጠጣ ሕፃን ግን ደሙ አየር መሸከም ያቅተዋል፣ ከንፈሩ ይጠቁራል። ማፍላትም አያድንም፣ ጭራሽ ያባብሰዋል። እኔም ‹ውሃሽ ሳይስተካከል ልጄን አላመጣም› አልኳት።» ዓይኗን ጠረገች። «ምኞቷ እኔን በወለደችበት አልጋ ላይ እሱን ማስተኛት ነበር። በኔ ግትርነት ሳታየው ሞተች።»

«በገዳዩ ነው የሞቱት እህቴ። እሱን ለኔ ተዪልኝ። ማጣሪያ እንግጠምልዎ ያሏቸው እነማን ናቸው?»

«ሁለት ናቸው። በርሜል የሚሉት የዚሁ ሰፈር ቧንቧ ሠራተኛና ነጭ ሸሚዝ የሚሉት ባለሱቅ። የቱን እንደመረጠች አልነገረችኝም። ‹ሳላረጋግጥ አፌን አልከፍትም› ነው ያለችኝ።»

ሳጅኑ ከበሩ ጣልቃ ገባ። «ጥቁር ሻይ የሚወድ ዘመድ አላችሁ?»

ልጅቷ መሬት መሬት አየች። «ታናሽ ወንድሜ» አለች በመጨረሻ። «ቀይ ሻይ አይቀምስም። ትናንት እዚህ ነበር። ‹ቤቱን ሽጪው፣ ከዚህ ዝገት ውጪ› ብሎ እንደጮኸባት ጎረቤታችን ሰምታለች።» ከዚያ እጇን አፏ ላይ ጫነች። የገዛ ወንድሟን አሳልፋ እንደሰጠች የገባት የዚያን ጊዜ ነው።

* * *

ጎረቤቷን ሰፈሩ እትዬ ሬዲዮ ይላታል፤ ለምን እንደሆነ ለመረዳት ኢንስፔክተሯ ከደጃፍ አላለፈችም። ገና ወንበር ሳይቀርብላት ግማሹን ሰማች። ሻይም ሳትጠይቅ ተቀዳላት። ጥቁር ነው። ጠጣችው፤ ወፍራም የሚወዱ ሴት ናቸው ብላ አለፈችው።

«ልጁ ጮኸ፣ በሩን ወርውሮ ወጣ፣ መኪናውን አስነስቶ ሄደ» አለች እትዬ ሬዲዮ። «እኔም ወደ አዳራሹ ሄድኩ። ነጭ ሸሚዝ ስለ ውሃ ሊያስረዳን ቀጥሮን ነበር። ይኸው የኔንም እሱ ነው የገጠመልኝ።» ግድግዳው ላይ የተሰቀለውን፣ ሰማያዊ መብራት የሚያበራ የሚያብረቀርቅ ዕቃ አሳየቻት። «ጀርሙንም፣ ብረቱንም፣ ያን ናይት ምንትሱንም ጠራርጎ ያወጣል። ሰፈሩ ሁሉ ገዝቶታል።»

«በሰዓቱ ደረሰ?»

«ኧረ አስጠብቆናል! መጨረሻ ላይ ላብ በላብ ሆኖ መጣ። በዚያ ሙቀት ጃኬቱን እስከ አንገቱ ቆልፎ! እኛ እሱን የምንወደው በነጩ ነው፤ እዚህ ሰፈር ነጭ የሚለብስ እሱ ብቻ ነው። የኛማ አንድ ጊዜ ከታጠበ ያልቅለታል። በረኪና ከነካው ደግሞ ዝገቱ እንደታተመ ይቀራል።»

«እማማ አዋላጅም ገዝተው ነበር?»

«እሳቸው? ሰፈር ሁሉ ሲገዛ ‹እያሰብኩ ነው› ብቻ ነው መልሳቸው። ኮምጫጫ ነበሩ፣ ነፍሳቸውን ይማረው።»

* * *

ጣቢያ ስትመለስ የሟቿ ወንድ ልጅ ተይዞ መጥቷል። የጭነት መኪና ሹፌር ነው፤ ትከሻው ሰፊ፣ ድምፁ ግን ተሰባብሯል።

«ጮኼባታለሁ፣ አልክድም» አላት። «ብቻዋን እዚያ ቤት መኖሯ ያንገበግበኝ ነበር። ‹ቁጭ በል፣ ሻይ ላፍላልህ› አለችኝ። በሩን ወርውሬ ወጣሁ። ያን ሻይ ተቀምጬ ብጠጣ ኖሮ ማንም አይነካትም ነበር።» ፊቱን በመዳፉ ሸፈነ። «እህቴ ምን አለች?»

ኢንስፔክተሯ ውሸት አትወድም። «ጠርጥራሃለች» አለችው።

ሰውዬው ፊቱን ወደ ግድግዳው አዞረ። እስር ቤት ሳይሆን ይህ ነበር የሰበረው፤ እናቱ ሞታለች፣ የቀረችው አንዲት እህቱ ናት፣ እሷም ገዳይ ነህ ብላዋለች።

አዛዡ ኮሪደሩ ላይ ጠበቃት። «ጮኋል፣ ቤቱ እንዲሸጥ ይፈልጋል፣ ጥቁር ሻይ ይጠጣል። ምን ቀረሽ?»

«ሻዩን አለመጠጣቱ ነው የቀረኝ።»

«ነገ ለዐቃቤ ሕግ አስተላልፈዋለሁ።»

«ነገ ታስተላልፋለህ» አለችው ደረጃውን እየወረደች። «ሰውዬው ግን ሌላ ነው የሚሆነው።»

* * *

በርሜል በእውነትም በርሜል ነው፤ ወፍራም፣ አጭር፣ ፊቱ የማይፈታ። አንድ ትምህርት ቤት ግቢ ውስጥ የውሃ ታንከር ሲተክል አገኙት። የመፍቻውን ፎቶ ገና ሲያይ ራሱን ነቀነቀ።

«የኔ ነው። ቀዩን ቀለም እኔ ነኝ የቀባሁት።»

ሳጅኑ እጁን ወደ ካቴናው ሰደደ። ኢንስፔክተሯ በዓይኗ አስቆመችው።

«እሳቸው ቤት ምን ይሠራል?»

«አዋላጇ መያዣ አድርገው ያዙብኝ። ለምርመራ ውሃ ልቀዳላቸው ፓምፑን ከፍቼ ሳበቃ ‹የትኛውን እንደመረጥኩ ሳልነግርህ እንዳትጠፋ› ብለው ወጥ ቤታቸው አስቀመጡት። ምን እላቸዋለሁ? ያዋለዱኝ እኮ እሳቸው ናቸው። በርሜል ያሉኝም እሳቸው ናቸው፤ ስወለድ ሚዛኑ ጉድ አለ ይሉ ነበር።» ፊቱ ለመጀመሪያ ጊዜ ተፈታ፤ ወዲያው ዓይኑ እንባ ሞላ። «ትናንት እዚሁ ነበርኩ፣ እስኪጨልም። እነዚህን ሁሉ ጠይቂ።»

አብረውት የሚሠሩት ሁሉ መሰከሩ። ኢንስፔክተሯ የተገለበጠ ባልዲ ስባ ተቀመጠች። «የትኛው ማጣሪያ ነው የሚሻላቸው ያልካቸው?»

«ሰው ዕቃውን ይገዛና በሽታውን ይፈልጋል፤ ስህተቱ እዚያ ላይ ነው። እሳቸው መጀመሪያ አስመረመሩ። ብረቱን በርሜል ሙሉ አሸዋ መሰል ነገር ይይዘዋል። ናይትሬቱን ለሚጠጣው ብቻ ከማጠቢያው ሥር የሚገባ፣ በግፊት የሚሠራ ስስ ወንፊት ያወጣዋል። ጀርም ካለ መጨረሻ ላይ መብራቱ ይገድለዋል። መብራት ብቻውን ግን ብረትም አያወጣ፣ ናይትሬትም አያወጣ። ውሃው ከዛገማ ብርሃኑ ራሱ አያልፍም።»

«በአንድ ዕቃ ሁሉንም አወጣለሁ የሚልስ?»

«ምላሱን ነው የሚሸጠው» አለና ወደ ታንከሩ ተመለሰ።

* * *

የነጭ ሸሚዝ ሱቅ ከወለል እስከ ጣሪያ መስታወት ነው። ባለቤቱ ፈገግታው ከበር ይቀበላል። ያን ቀን የለበሰው ሰማያዊ ነበር።

«ምን ነው፣ ነጩን ከዳኸው?» አለች ኢንስፔክተሯ።

«ለሐዘን እመቤቴ፣ ለሐዘን። እንዴት ያሉ ሴት ነበሩ!» ወንበር አቀረበ። «እኔ ቤታቸው የገባሁት አንድ ቀን ነው፤ ውሃቸውን ቀድቼ ወጣሁ፣ በቃ። ምንም አልገጠምኩም። ትናንት ማታማ አዳራሽ ውስጥ ነበርኩ፣ ሰፈሩ ሁሉ ምስክሬ ነው።»

ከዚያ ሙያውን ሊያሳያት ተነሳ። ከመደርደሪያው ጥርት ያለ ውሃ የያዘ ጠርሙስ አወረደ። «ለእያንዳንዱ ደንበኛ እንዲህ ያለ ጠርሙስ እሰጣለሁ። ከገዛ ጉድጓዱ ቀድቼ በዚህ ዕቃ ያጣራሁለት ነው። አይቶ ይመን።» ብርጭቆ ሞልቶ ሰጣት። ውሃው እውነትም ጥሩ ነበር።

ኢንስፔክተሯ በሱቁ ውስጥ ተንሸራሸረች። ዕቃዎቹ ሁሉ በላስቲክ ተጠቅልለዋል፤ ጥግ ላይ ያለው አንዱ ብቻ ላስቲክ የለውም። በአፉ ዙሪያ የነጭ ቴፕ ቁራጭ ተጣብቋል፣ መብራቱን የሸፈነው መስታወት ደግሞ ከውስጥ ብርቱካንማ ጭጋግ ይዟል።

«ይህን ልግዛው» አለች።

«እሱ... እሱ ማሳያ ነው፣ አይሸጥም። አዲስ እሰጥዎታለሁ።»

«ግድ የለም። ይልቅ የሟቿ ልጅ የእናቷን ምኞት ልትፈጽም ትፈልጋለች። ዛሬ ከሰዓት አንድ ዕቃና አንድ ጠርሙስ ይዘህ ብትመጣ?»

ሰውዬው ልቡ መለስ አለ። «በደስታ!» አለ።

መንገድ ላይ እትዬ ሬዲዮን አገኘቻት። «እትዬ፣ ቅድም ያጠጡኝ ሻይ ስንት ማንኪያ ቅጠል ነበረው?»

«የምን ማንኪያ! አንድ ቁንጥር ነው። ለምን ጠየቅሽኝ?»

ኢንስፔክተሯ እየሳቀች ወደ ሳጅኑ ዞረች። «የብርበራ ፈቃድ አውጣ። ሰውዬው ከሱቁ እንደወጣ ትገባለህ።»

* * *

ከሰዓት በኋላ ሁሉም ወጥ ቤቱ ውስጥ ተሰበሰቡ። የሟቿ ሴት ልጅ ምድጃው አጠገብ ቆማለች። ወንድሟ በሁለት ፖሊስ መሃል በሩ ሥር ነው፤ ሁለቱም አይተያዩም። በርሜል ማዕዘን ይዟል። ነጭ ሸሚዝ አዲሱን ዕቃ በአራቱ ቀዳዳዎች አጠገብ ገጥሞ፣ ሰማያዊውን መብራት አብርቶ ጨረሰ።

«በሉ ይህ ውሃ ካሁን በኋላ የእናት ጡት ነው» አለ።

«እንሞክረው» አለች ኢንስፔክተሯ። «እህቴ፣ በአንዱ ማንቆርቆሪያ ከቧንቧው፣ በሌላው ከሱ ጠርሙስ ቅጂ። ሁለቱም ላይ እኩል ቁንጥር ሻይ ቅጠል። ስኳር አታድርጊ።»

ውሃው ፈላ። ልጅቷ ሁለት ብርጭቆ ሞልታ ጠረጴዛው ላይ አስቀመጠች። አንዱ ቀይ ነው። አንዱ ድፍን ጥቁር።

የሹፌሩ ትንፋሽ ተሰማ። እህቱ ብርጭቆዎቹን፣ ከዚያ ኢንስፔክተሯን አየች። «እማዬ... ለእንግዳ አይደለም ያፈላችው» አለች ቀስ ብላ።

«አይደለም። ብረት ያለበት ውሃ ሻይን ያጠቁረዋል። እናንተ በዚሁ ስላደጋችሁ የሻይ መልክ ጥቁር ይመስላችኋል። ወንድምሽ ወፍራም የሚወደው ለዚህ ነው፤ የቤቱን መልክ ፍለጋ ነው።» ወደ ነጭ ሸሚዝ ዞረች። «ዕቃህን በሙከራ ሰቀልክላቸው። ጠርሙስህንም ሰጠሃቸው። እሳቸው ሁለቱን ጎን ለጎን አፍልተው አዩ። ከጠርሙሱ ቀይ ወጣ፣ ከዕቃህ ጥቁር። ጠርሙሱ ውስጥ ያለው ከሌላ ቦታ የመጣ ውሃ ነው። ‹ና ዕቃህን ውሰድ› ብለው ጠሩህ።»

«ሻይ ማስረጃ ሆነ እንግዲህ!» ሳቀ፤ ሳቁ ግን ጥርሱ ላይ ቀረ። «እመቤቴ፣ ይሄ ውሃ የማያነሳ ወሬ ነው።»

«ዕቃውን ነቀልክ፣ ጠርሙሱን ወሰድክ፣ ቧንቧውን ቀጠልክ። ውሃ የነካውን ሁሉ አጠፋህ። ሻዩን ግን ለእንግዳ የተቀዳ መሰለህና ተውከው። እንዲያውም ደስ አለህ፤ ያን ቀን ልጃቸው እንደመጣ አውቀህ ነበርና።»

የዚያን ጊዜ ሳጅኑ ገባ። በአንድ እጁ ያን ጥግ ላይ የነበረውን ዕቃ ይዟል። ግድግዳው ላይ ቢያስጠጋው አራቱ ቀዳዳዎች ልክ ገጠሙ። በሌላው እጁ ላስቲክ ውስጥ የገባ ሸሚዝ ነበር፤ ከሱቁ ጓሮ፣ ከበረኪና ባልዲ ውስጥ ያወጣው። ነጭ ነው፣ ደረቱ ላይ ብቻ ትልቅ ብርቱካንማ ርጭት ታትሞበታል።

«ቧንቧውን ስትፈታ ውሃው ረጨህ» አለች ኢንስፔክተሯ። «አዳራሹ ውስጥ በጃኬት ሸፈንከው። ከዚያ ደሙንም ዝገቱንም በአንድ ላይ አስለቅቃለሁ ብለህ በረኪና ውስጥ ነከርከው። እዚህ ሰፈር ለአንድ ሳምንት ልብስ ያጠበ ሰው ይህን አያደርግም። አንተ ውሃቸውን ሸጥክላቸው እንጂ አላወቅከውም።»

ነጭ ሸሚዝ ዓይኑን ከታተመው ሸሚዝ ነቀለ። «ቤት ለቤት እዞራለሁ አሉኝ» አለ ወንበር እየፈለገ። «‹እዚህ ሰፈር ጡጦ የሚጠቡ ሕፃናት አሉ፣ እናቶቻቸውን ያዋለድኩ እኔ ነኝ› አሉኝ። ለመንኳቸው። ጀርባቸውን ሰጥተውኝ ነጠላቸውን ሊያነሱ ዞሩ። መፍቻው እዚያው ነበር...»

በርሜል ሊዘልበት ሲል ሳጅኑ በትከሻው ያዘው። ሰውዬውን ይዘውት ወጡ።

እህትና ወንድም ወጥ ቤቱ ውስጥ ቀሩ። እሷ ወደ እሱ ሁለት እርምጃ ሄዳ ቆመች። «ጠርጥሬህ ነበር» አለችው። «ይቅር በለኝ።»

«አውቃለሁ» አለ። አንገቷን አቅፎ እንደ ሕፃን አለቀሰ። ኢንስፔክተሯ መስኮቱን የምታይ መሰለች።

* * *

ከጥቂት ሳምንታት በኋላ በዚያ ስታልፍ በሩ ክፍት ነበር። ሰፈሩ የነጭ ሸሚዝን ዕቃ ነቃቅሎ በርሜልን ወረፋ ይዞ እየጠበቀው ነው። እሱ ግን የመጀመሪያውን የገጠመው እዚህ ቤት ነበር፤ በሩ ጎን ባለ አሸዋው ግዙፍ በርሜል፣ ከማጠቢያው ሥር ስሱ ወንፊት፣ መጨረሻ ላይ ትንሿ መብራት። ውሃው ዳግም ተመርምሮ ንጹሕ ሆኗል። ቤቱ አልተሸጠም። ጨቅላው በአያቱ አልጋ ላይ እጁን ዘርግቶ ተኝቷል።

«በጊዜው ነው የመጣሽው» አለቻት ልጅቷ። «የአዲሱን ውሃ የመጀመሪያ ሻይ ልንጠጣ ነው።»

ሻዩ ተቀዳ። ጥርት ያለ ቀይ ወጣ፤ ብርጭቆው ውስጥ የማንኪያው ጫፍ ይታያል። ሹፌሩ አንስቶ ወደ ብርሃኑ አስጠጋው፣ አየው፣ መልሶ አስቀመጠው።

«የእማዬ ሻይ አይመስልም» አለ።

እህቱ ማንቆርቆሪያውን አነሳችና ወደ ጓሮ ወጣች። በርሜል ለአትክልት ብሎ ሳያጣራ የተወው አንድ ቧንቧ እዚያ አለ። ቀድታ ተመለሰች፣ ጣደች፣ አንድ ቁንጥር ቅጠል ጨመረችበት። ሲፈላ ሦስት ብርጭቆ ቀዳች፤ ድፍን ጥቁር።

ሁለቱ እያለቀሱ ጠጡ። ኢንስፔክተሯም ስኳር ሳትጠይቅ የደረሳትን እስከ ታች ጨረሰችው።